በሞክሼው ጥፋት የተቀጣ ፋይል

በ2002 እ.ኤ.አ. ከአገር አገር የዞረ አንድ ኢሜይል ነበር። ላኪው ሁልጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፤ የሥራ ባልደረባ፣ የአክስት ልጅ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ። መልእክቱ በይቅርታ ይጀምራል፤ ኮምፒውተሬ ውስጥ ቫይረስ ተገኝቷል፣ ሳላውቅ ወደ እናንተም አስተላልፌው ይሆናል ይላል። ከዚያ ምልክቱን ይናገራል። ፋይሉ «ጄዲቢጂኤምጂአር» የሚል አፍ ላይ የማይዞር ስም አለው፤ ከስሙ ጎን የአሻንጉሊት ድብ ሥዕል ይታያል፤ ፀረ ቫይረስ አያገኘውም፤ 14 ቀን አድፍጦ ቆይቶ ይነሣል። መልእክቱ የደረሰው ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲፈልግ ፋይሉን አገኘው። ድቡም እዚያው አለ። ስሙም ያስጠረጥራል። ሰረዘው፤ ላቡን ጠረገና ኢሜይሉን ለወዳጅ ዘመዱ ሁሉ አስተላለፈ።

ፋይሉ የተገኘው ማይክሮሶፍት ራሱ ያስቀመጠው ስለነበር ነው። ሥራው በማይክሮሶፍት መሣሪያ የጃቫ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ስሕተት ሲለቅሙ ማገዝ ነበር። ተራው ተጠቃሚ ቢሰርዘውም የጎደለበት ነገር የለም፤ ቢጎዱ የሚጎዱት እነዚያ ፕሮግራመሮች ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ተመሳሳይ ኢሜይል «ሰልፍንቢኬ» የሚባል ሌላ የዊንዶውስ ፋይል አስፈጅቷል። የዚህኛው ሥራ ይበልጥ ያስቃል፤ ረጃጅም የፋይል ስሞች ሲበላሹ መልሶ የሚያቃና ነበር። ስም ጠባቂው በስሙ ምክንያት ተወገደ።

ፕሮግራመሮች ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ተጠቃሚ የሚሉት ሕዝብ እንዲህ ነው፣ ስም አይቶ ይሰርዛል አሉ። ሳቃቸው ግን ብዙ አያስኬድም። እነሱም ያንኑ ያደርጋሉ፤ ልዩነቱ ተጠቃሚው አንድ ፋይል ሲሰርዝ እነሱ በአንድ ትእዛዝ ሺህ መጥረጋቸው ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለሰው ይሆናል። ለሶርስ ኮድ ፋይል ስም የሚያወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰርቪስ እንዳያመልጠው የሚጣደፍ ሰው ነው። «ኒው» ይለዋል። በማግሥቱ «ኒው ቱ» ይወለዳል። «ቴምፕ» የተባለው ለሁለት ቀን ታስቦ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ደመወዝ የሚያሰላው እሱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ፋይናል» የተባለውን ደግሞ ማንም ከፍቶት አያውቅም። ስሙ የተወለደበትን ቀን ይናገር ይሆናል፤ ዛሬ ምን ሲሠራ እንደሚውል ግን አይናገርም። ይህም ባልከፋ ነበር፤ የሚከፋው ጽዳት የሚወድ ሰው ሲመጣ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ቅን ነው፣ ታታሪ ነው፣ የተዝረከረከ ፎልደር ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ያይና «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ይላል። መልስ ግን አይጠብቅም።

የዚህ በደል አንጋፋው ሰለባ «ኮር» የሚባለው ስም ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የኮምፒውተር ሜሞሪ የሚሠራው ከትናንሽ የማግኔት ቀለበቶች ነበር፤ እያንዳንዷ ቀለበት ኮር ትባል ነበር። ቀለበቶቹ ጊዜያቸው አለፈና ተጣሉ፤ ስማቸው ግን ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ቀረ። በዩኒክስ አንድ ፕሮግራም ድንገት ሲወድቅ በሜሞሪ የያዘውን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ዘርግፎ ይሞታል፤ የዚያ ፋይል ስም «ኮር» ነው። ለመርማሪ ይጠቅማል፤ ለሌላው ሰው ግን ዲስክ የሚያጣብብ ሬሳ ነው። ዲስክ ውድ በነበረበት ዘመን የሰርቨር ኃላፊዎች መላ መቱ። ሌሊት ሰው ሲተኛ የሚነሣ አንድ ትእዛዝ ጻፉ፤ ኮር የሚባለውን ሁሉ ካለበት ፈልገህ አጥፋ የሚል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን እንይ። ፕሮግራመር የሥራውን እምብርት፣ ሌላው ሁሉ የሚደገፍበትን ክፍል ምን ብሎ ይጠራዋል? ኮር። የእኛ ባንኮች እንኳ ዋናውን ሥርዓታቸውን «ኮር ባንኪንግ» ነው የሚሉት። የሊኑክስን ሶርስ ኮድ የከፈተ ሰው በኔትወርኩ ክፍል ውስጥ «ኮር» የሚል ፎልደር ያገኛል፤ በዩኤስቢው ክፍል «ኮር» አለ፤ በድምፁም ክፍል እንዲሁ። እንግዲህ ሬሳውና ልቡ ሞክሼ ሆኑ። የሌሊቱን ትእዛዝ የጻፈው ሰው ፋይልና ፎልደር ሳይለይ ጽፎት ከሆነ፣ ኮዱ ይበልጥ አስፈላጊ በሆነ መጠን ሌሊቱን የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል ማለት ነው።

ነገሩ በአንድ ሰው ትእዛዝ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ግን ሕግ ሆነ። ዛሬ ከሚሠራበት ከጊት በፊት ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ሲቪኤስ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ይህ ሥርዓት ሳይጠየቅ ችላ የሚላቸው ስሞች ዝርዝር ነበረው። «ኦልድ» የሚል ቅጥያ ያለው፣ «ባክ» የሚል ቅጥያ ያለው፣ «ታግስ» የተባለ፣ እና ኮር። ሲቪኤስ አረጀ። ዝርዝሩ ግን ፋይል ከቦታ ቦታ በሚገለብጠው በአርሲንክ ውስጥ ተወርሶ ዛሬም አለ፤ አንድ አጭር ምርጫ ሲሰጡት እነዚያን ስሞች እየዘለለ ይገለብጣል። ይህን ምርጫ አብርቶ የሊኑክስን ኮድ ባክአፕ ያደረገ ሰው የኔትወርኩ ኮር የሌለበት ባክአፕ ይዞ ቤቱ ይገባል። ምንም የስሕተት መልእክት አይመጣም። እንዲያውም ሥራው ቶሎ አለቀልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ሰብቨርዥን በሚባለው ሥርዓት ደግሞ የታተሙ ቅጂዎች የሚቀመጡበት የተለመደው ፎልደር ስሙ «ታግስ» ነው፤ እሱም በዝርዝሩ አለ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ቢባልም፣ እዚህ ጎረቤቱ የሌላ ቤት ስም መዝገብ ይዞ ነው የሚጠብቀው።

የዘመኑ ትውልድም ከዚህ አልተማረም፤ ዝርዝሩን አራዘመው እንጂ። በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ሰው አንዲት ትንሽ ድረ ገጽ ለመሥራት የሰው ኮድ ይዋሳል፤ የተዋሰው ደግሞ ሌላ ተውሶ ይመጣል፤ በመጨረሻ «ኖድ ሞጁልስ» የሚባለው ፎልደር በሺዎች በሚቆጠሩ ፋይሎች ያብጣል። ይህን ለማቅለል «ያርን አውቶክሊን»ና «ኖድ ፕሩን» የሚባሉ መሣሪያዎች ተሠሩ። ሁለቱም የሚፈርዱት በስም ነው። ቴስት፣ ቴስትስ፣ ዶክ፣ ዶክስ፣ ኤግዛምፕል፣ ኢሜጅስ፣ አሴትስ፤ እነዚህን ስሞች የያዘ ፎልደር ይጠረጋል። ሐሳቡ ሲሰሙት ያሳምናል፤ ዶክ ማለት የአጠቃቀም መመሪያ ነው፣ መመሪያ ደግሞ ሰርቨር ላይ ማን ያነበዋል?

እዚህ ላይ «ያምል» የሚባለውን ጥቅል ማንሣት ግድ ነው። ያምል የሚባለውን የጽሑፍ ዓይነት እያነበበ ለፕሮግራሙ የሚተረጉም፣ እጅግ ብዙ ፕሮጀክት የሚጠቀምበት ኮድ ነው። በውስጡ «ዶክ» የሚል ፎልደር አለ። ፎልደሩ ውስጥ አንድም የመመሪያ ገጽ የለም፤ ያለው የተነበበውን ሰነድ የሚገነባው ኮድ ራሱ ነው። ጠራጊው መጣ፣ ዶክ የሚል አየ፣ ወሰደው። ከዚያ ፕሮግራሙ ሲነሣ «ዶክ ፎልደር ውስጥ ያለውን ዳይሬክቲቭስ የሚባል ፋይል አላገኘሁትም» ብሎ ይወድቃል። የጉግልም ጥቅል አለ፤ ፕሮግራመሮች የጉግልን አገልግሎቶች እንዲጠሩ የተዘጋጀ ነው፤ ለእያንዳንዱ አገልግሎት በስሙ ፎልደር ተከፍቶለታል። ጂሜይል አለ፣ ካሌንደር አለ፣ ድራይቭ አለ፤ ዶክስም አለ፣ ጉግል ዶክስ። ጠራጊው ይህንን መመሪያ አይደለም ብሎ ያልፈዋል ብሎ ማመን የዋህነት ነው።

የዚህ ዓይነት ስረዛ ክፋቱ የሚፈጸምበት ቦታ ነው። ፕሮግራመሩ ላፕቶፕ ላይ ጠራጊው አይሠራም፤ የሚሠራው ፕሮግራሙ ታሽጎ ወደ ሰርቨር ሲሄድ ነው። ስለዚህ ፕሮግራመሩ «እኔ ጋ ይሠራል» ሲል እውነቱን ነው። አለቃው አያምነውም፤ የሰርቨሩ ኃላፊ አያምነውም፤ እሱም በመጨረሻ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። የተሰረዘውን ፎልደር የሚጠረጥር ግን የለም፤ መመሪያ ጠፍቶ ፕሮግራም ሲወድቅ ማን ሰምቶ ያውቃል?

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ተረኛው «ቴስት» ነው። አማዞን ላምዳ በሚባለው አገልግሎቱ ላይ ተጨምቆ የሚጫን ኮድ ሲፈታ ከ250 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከባድ ስሌት የሚሠሩ ጥቅሎች ይህን ወሰን በቀላሉ ይሞላሉ። ስለዚህ ሰዉ መቀስ አነሣ፤ ስሙ ውስጥ ቴስት ያለበት ሁሉ ይቆረጥ አለ። ነምፓይ የሚባለው የስሌት ጥቅል ሲነሣ ግን ከመጀመሪያው ገጹ ላይ ሆኖ «ፓይቴስትቴስተር» የሚባል ትንሽ ፋይል ይጠራል። ፋይሉ ከመደመርና ከማባዛት ጋር አንዳች ጉዳይ የለውም፤ በስሙም ቴስት ሁለቴ ተጽፎበታል፤ ለመቀሱ ከዚህ የተሻለ ግዳይ አይገኝም። እሱ ሲቆረጥ ነምፓይ አንዲት ቁጥር ሳያሰላ ይወድቃል።

አንዳንዱ ስም ደግሞ ጭራሽ ተገልብጦ የተቀመጠ ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ውስጥ «ሲስተም 32» የሚባለው ፎልደር የያዘው የ64 ቢት ፋይሎችን ነው። የ32 ቢቶቹ ያሉት «ሲስዋው 64» በሚባለው ውስጥ ነው። በትክክል ተነቧል፤ 32 የሚለው 64ን፣ 64 የሚለው 32ን ይዟል። ምክንያቱም አለው፤ የድሮ ፕሮግራሞች «ሲስተም 32» የሚለውን ስም በኮዳቸው ውስጥ ጽፈውት ስለነበር ስሙን መቀየር ብዙ ነገር ያፈርስ ነበር። «የእኔ ኮምፒውተር 64 ነው፣ ይሄ 32 የሚሉት የድሮ ትርፍራፊ ነው» ብሎ የሚነሣ ሰው የሚሰርዘው የዊንዶውስን ልብ ነው።

በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. የሆነው ግን ከሁሉ ይብሳል። በሊኑክስ ላይ «ሲስተምዲ ቴምፕፋይልስ» የሚባል መሣሪያ አለ፤ ስሙ ጊዜያዊ ፋይሎችን የሚያስተናግድ ያስመስለዋል። መሣሪያውን የያዘው የሲስተምዲ 256ኛ እትም ሲወጣ ለመሣሪያው «ፐርጅ» የሚባል፣ ጠራርጎ የሚያጠፋ አዲስ ምርጫ ተጨመረለት። አንድ ተጠቃሚ ጊዜያዊ ፋይሎቹን ሊያጸዳ ፈልጎ ትእዛዙን ሰጠ። መሣሪያው ግን ከጊዜያዊ ፋይሎች ሌላ በደንቡ ዝርዝር የተጻፉ ፎልደሮችን ሁሉ ይመለከታል፤ ከእነዚያም አንዱ የተጠቃሚዎች ንብረት ሁሉ የሚኖርበት «ሆም» ነው። ሆም ተጠረገ። አቤቱታ ሲቀርብ ከሶፍትዌሩ ባለቤቶች አንዱ መጀመሪያ የሰጠው መልስ፣ ምን እንደሚሠራ የማታውቀውን ምርጫ ለምን ነካህ የሚል ይዘት ነበረው። ተሳስቷል ማለት አይቻልም፤ መመሪያው ላይ ተጽፎ ነበርና። ግን «ቴምፕፋይልስ» ብሎ ስም ያወጣ ሰው ሌላውን በስም ተታለልክ ብሎ ለመቆጣት አፍ ያንሰዋል። በ256.1 እትም ትእዛዙ የትኛውን የደንብ ፋይል እንደሚከተል ሳይነገረው እንዳይሠራ ተደረገ።

ክፉ ስም ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው ለማለት ግን አይደለም። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የተገለጠው የኤክስዜድ ጉዳይ ተቃራኒውን ያሳያል። ኤክስዜድ ፋይል የሚጨምቅ፣ በአብዛኛው ሊኑክስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚጠራ አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት እየረዳ የሥራው ባለ አደራ ለመሆን በቃ፤ ከዚያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ ስውር በር አስገባ። ኮዱን የደበቀው በሙከራ ፋይሎች ውስጥ ነበር። የአንደኛው ፋይል ስም ሲጀምር «ባድ» ይላል፣ ዝቅ ብሎ «ኮራፕት» ይላል። ራሱ ብልሹ ነኝ ብሎ ተጽፎበታል። የጨመቃ ፕሮግራም ደግሞ የተበላሸ ፋይል ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግ መሞከር ስላለበት እንዲህ ያለ ፋይል መኖሩ ማንንም አላስደነቀም፤ ስሙ እውነቱን እየተናገረ ሸሸገው። ነገሩን ያወጣው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ወደ ኮምፒውተር በርቀት ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ምክንያቱን ሲከታተል ደረሰበት። ያን ጊዜ «ቴስት የሚል ሁሉ ይጥፋ» የሚለው ወዳጃችን ቀደም ብሎ ኤክስዜድ ላይ ቢደርስ ኖሮ ሳያውቀው ዓለምን ባዳነ ነበር። አልደረሰም፤ ነምፓይን ሲቆርጥ ነበር።

ስም የማይለይ ኮምፒውተርም አለ። በሊኑክስ ኮድ ውስጥ «ዲኤስሲፒ» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የአንዱ ስም በትልቁ የላቲን ፊደል፣ የሌላው በትንሹ ተጽፏል። አንዱ በኔትወርክ ላይ የሚያልፈውን እሽግ ምልክት ይቀይራል፤ ሌላው ምልክቱን ያነባል። ሊኑክስ ሁለት ፋይል ናቸው ይላል። ዊንዶውስና ማክ ግን እንዳሉ ከተተዉ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለዩም፤ ኮዱ ሲወርድ አንዱ በሌላው ላይ ይጻፋል። ማንም ምንም ሳይሰርዝ አንድ ፋይል ጠፋ። በእኛ ፊደል የሚገጥመው የዚህ ግልባጭ ነው፤ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት። በአንደኛው ፈልጎ ያጣ ሰው ሌላው መኖሩን ሳያውቅ «የለም» ብሎ ይፈርማል። ዊንዶውስ ከዶስ ዘመን የወረሳቸው ክልክል ስሞችም አሉት፤ «ኦክስ» አንዱ ነው። ሊኑክስ ውስጥ በዚህ ስም የተጠራ የሶርስ ፋይል ስላለ ሙሉውን ኮድ ዊንዶውስ ላይ ለማውረድ የሞከረ ሰው እዚያ ጋ ይቆማል።

አስተዋይ ፕሮግራመር ይህን ሁሉ ሲሰማ አንድ መልስ አለው፤ ከመሰረዝህ በፊት ማን እንደሚጠራው ፈልግ ይላል። ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። ማንም በስሙ የማይጠራቸው፣ ግን ሥራ ላይ ያሉ ፋይሎች አሉ። ፓይቴስት የሚባለው የፓይተን መሞከሪያ መሣሪያ «ኮንፍቴስት» የሚባለውን ፋይል የሚያገኘው ፎልደሩን እየቃኘ ነው፤ በኮዱ ውስጥ ስሙን ቢፈልጉ ላይገኝ ይችላል። ጃንጎ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይም «ኮማንድስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ፋይል በስሙ ትእዛዝ ይሆናል፤ የሚጠራው ሌላ ፋይል ሳይሆን ሌሊት የሚነሣ የሰዓት ሥራ ወይም በወር አንድ ጊዜ የምትመጣ የሒሳብ ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች። «ኢኒት» የሚባለው የፓይተን ፋይል ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ዜሮ ባይት። ባዶ ፋይል ምን ይሠራል ተብሎ ይሰረዛል። ጥቅሎችን የሚሰበስበው መሣሪያ ግን ያ ባዶ ፋይል የሌለበትን ፎልደር ጥቅል ብሎ ላይቆጥረው ይችላል፤ ዘሎት ያልፋል።

የጊት ተጠቃሚ የሚጽናናበት አንድ ነገር አለው። ኮሚት የተደረገ፣ ማለትም በጊት የተመዘገበ ፋይል ቢሰረዝም ከታሪኩ ይመለሳል። መጽናኛው የማይሠራው ፋይሉ መጀመሪያውኑ ካልተመዘገበ ነው። የጊት ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሀብ ለፓይተን ፕሮጀክት የሚያቀርበው የችላ በል ዝርዝር «ሊብ» የሚለውን ፎልደር ያካትታል፤ ለቪዥዋል ስቱዲዮ የሚያቀርበው «ሎግ»ንና «ዲበግ»ን። ሎግ የሚጽፈውን ኮድ «ሎግ» በሚል ፎልደር ያስቀመጠ ሰው ሥራው ሁሉ ሲመዘገብ ያ ፎልደር ብቻ በዝምታ ይቀራል። ከዚያ አንድ ቀን ችላ የተባሉትንም ጨምሮ የሚያጸዳውን የጊት ትእዛዝ ይሰጣል። ፎልደሩ ይሄዳል፤ በታሪክ የለም፣ በጊትሀብ የለም፣ በባልደረባ ላፕቶፕም የለም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሊያጸዱ ያሰቡ አንባቢ ካሉ፣ ጠራጊ መሣሪያ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት የሚሰርዛቸውን ስሞች ዝርዝር ያንብቡ፤ መጀመሪያም ሳይሰርዝ ስማቸውን ብቻ እንዲያሳይዎት ያድርጉ። የሚጠራጠሩትን ፋይል ይክፈቱት፤ ማን እንደጻፈው ታሪኩ ውስጥ ይዩና ሰውዬው ካለ ይጠይቁት። ስረዛውን ከሌላ ሥራ ጋር አይቀላቅሉት፤ ለብቻው ኮሚት ያድርጉት፤ መልእክቱ ላይም «ጽዳት» ብቻ ብለው አይለፉ፣ ምን እንደሰረዙና ማንም እንደማይጠቀምበት በምን እንዳረጋገጡ ይጻፉ። ቀኑ አርብ ከሆነ ደግሞ ሰኞ ይደርሳል።